ፊሽካ ሲነፋ የተቀመጡት

አቶ ተስፋልደትን በቁምጣ ያላየ ሰው ይሄ ታሪክ አይገባውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ላሳያችሁ። የካኪ ቁምጣው ከመተኮሱ ብዛት እጥፋቱ ዳቦ ይቆርጣል። ነጭ ካልሲው እስከ ጉልበቱ ይወጣል። አንገቱ ላይ በነጭ ገመድ ያንጠለጠላት ፊሽካ አለች፤ ሲያወራ ይዳብሳታል፣ ሲያስብ ይነክሳታል። የአስመራ ልጅ ነው፣ የኛው ሰው። ግን አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ የስካውት መሪዎች ኮርስ ወስዶ መጣና፣ ከዚያ ወዲህ እንደኛ አስመራ ውስጥ የሚኖር አይመስለውም። «እኛ ኮርስ ላይ ሳለን» ሳይል አንድ ቀን አይመሽለትም። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ግን የሚያስገድደኝ የለም።

እኔ ያኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና መመረቄ ነበር። ሳይንስ አስተምራለሁ ብዬ ነው ወደ ከተማዬ የተመለስኩት። ጥራቮሎ ሰፈር እናቴ ቤት ሻንጣዬን ሳልፈታ ርእሰ መምህሩ አስጠሩኝ።

«ወይዘሪት አስካሉ፣ ባል የለሽም፣ ልጅ የለሽም፣ ቅዳሜሽ ባዶ ነው። ከአቶ ተስፋልደት ጋር ስካውቶቹን ትይዣለሽ» አሉኝ።

ቅዳሜዬ ባዶ መሆኑን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ከጓደኞቼ ጋር ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ወዲያ ወዲህ እያልን፣ ያለፈውን ያገደመውን ሁሉ እያማን የምናሳልፈው ቅዳሜ ነበረኝ። ግን ይሄ ለርእሰ መምህር አይነገርም። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ሥራው ሲነገር ቆንጆ ነው። ከፍ ያሉትን ስካውቶች፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎቹን፣ ሌሎችን እንዲያስተምሩ ማስተማር። እያንዳንዳቸው የጓድ መሪ ይሆኑና የሦስተኛ ክፍል ሕፃናትን ይረከባሉ፤ እሳት ማቀጣጠል፣ ገመድ መቋጠር፣ ዱካ መከተል፣ ሜዳ ላይ ቢጠፉ ምን እንደሚያደርጉ ያሳዩዋቸዋል። ማስተማር መቻሉ በፈተና የተረጋገጠ መሪ ትከሻው ላይ ቢጫ ክር ያደርጋል።

መጀመሪያ ቀን ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። አቶ ተስፋልደት ጥቁር ሰሌዳ በሁለት ልጅ አሸክሞ ሜዳው መሃል አቁሟል። ሰሌዳው ላይ የእሳት ሥዕል ሥሎበታል። መሪዎቹ ከሰሌዳው ይገለብጣሉ፣ በቃላቸው ያጠናሉ፣ ከዚያ ለትንንሾቹ ይጮኹላቸዋል፣ ትንንሾቹ መልሰው ይጮኻሉ።

«እሳት ለማቀጣጠል የሚያስፈልጉት ነገሮች ስንት ናቸው?»

«አራት ናቸው!»

እነዚህ እኮ ጠዋት ጠዋት እቤታቸው ፎርኔሎ የሚያቀጣጥሉ ልጆች ናቸው። ከሰሉ እርጥብ ሲሆን ምን እንደሚደረግ፣ ነፋስ ከየት ሲመጣ ፎርኔሎው ወዴት እንደሚዞር ያውቃሉ። አራት ነገር መሆኑን ግን አያውቁም ነበር፤ ይኸው ተማሩ። ክብሪት ግን ማንም አልነካም። «አደገኛ ነው» አለኝ አቶ ተስፋልደት።

ስለ መጥፋትም እንደዚያው ነው። «ፊሽካ ሦስት ጊዜ ሲነፋ ምን ማለት ነው?» «ጠፍታችኋል ማለት ነው!» «ምን ታደርጋላችሁ?» «ባለንበት እንቆያለን!» ሕፃናቱ ይህን ሲሉ ለሰሚ እንደ መዝሙር ደስ ይላል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ይሄው ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱን የሚያሰልፈው በዚያችው ፊሽካ ነው። ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ልጁ ሁሉ እየተጋፋ ይሮጣል፤ መጨረሻ የደረሰው ጠጠር ላይ ይንበረከካል። እንግዲህ የልጆቹ አፍ «እንቆያለን» ይላል፣ እግራቸው ግን በየቀኑ የሚማረው ሌላ ነው። ይህንን ነገርኩት።

«አቶ ተስፋልደት፣ አንዱን ይቀይሩት። ለሰልፉ ደወል አለ።»

«ወይዘሪት፣ ሰልፍ ሌላ፣ ትምህርት ሌላ። ልጆቹ ይለያሉ።»

«በምን ይለያሉ?»

«በቃላቸው ያውቁታል እኮ፤ ሲሉ አልሰማሽም?»

 ትቼው ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ቅዳሜ ከሰዓት መሪዎቹን ይዤ ወደ ፎርቶ ዳገት መሄድ ጀመርኩ። ሕጌ አንድ ነበር፦ አፍ ሳይከፍቱ ማስተማር። ቋጠሮ ማስተማር የሚፈልግ ቋጥሮ ያሳያል፣ ሕፃኑ ይቋጥራል፣ ሲሳሳት መሪው እጁን ኪሱ ከትቶ ይጠብቃል። ብዙዎቹ ጠሉኝ። ዮናስ የሚባል የስምንተኛ ክፍል ልጅ፣ የአቶ ተስፋልደት የዓይን ብሌን፣ «መምህር፣ ዝም ካልኩ መሪ መሆኔ በምን ይታወቃል?» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

ለተብርሃን ግን ወደደችው። ለተብርሃን የአባሻውል ሰፈር ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሷ እንደ ምላጭ። ትሑት ናት ብላችሁ እንዳታስቡ። ዮናስ ሰሌዳ ፊት ሲደረድር ከኋላ ሆና «ኣንታ፣ ውሃ ጠጣበት፣ ያንቅሃል» የምትል ናት። መጥፋትን ለትንንሾቿ እንዴት እንዳስተማረች በዓይኔ አይቻለሁ። ባሕር ዛፉ መሃል ነጠላዋን እየቀደደች ዓይናቸውን ታስራለች፣ ትበትናቸዋለች፣ ሦስት ጊዜ ታፏጫለች። «ኮፍ በሉ» ትላቸዋለች፤ ቁጭ በሉ ማለቷ ነው። ቁጭ ብሎ አጠገቡ ያለውን፣ ዛፍም ይሁን ድንጋይ፣ መያዝ አለበት። የተነሣ ልጅ የሌሎቹን ቦርሳ እስከ ከተማ ተሸክሞ ይወርዳል። ከዚያ ተሸካሚው ራሱ ለሌላው እንዲያስተምር ታደርገዋለች። ሳባ የምትባል ጥርሷ የወለቀ ሕፃን ነበረች፤ ቦርሳ ተሸክማ ተሸክማ በመጨረሻ ከሁሉም በላይ የምትቀመጥ እሷ ሆነች።

ፈተናው ደረሰ። አቶ ተስፋልደት ከሰሌዳው አጠገብ ቆሞ፣ «ሰው ሲጠፋ መደረግ ያለባቸውን ነገሮች በቅደም ተከተል አስረጂ» አላት።

«ልጆቹን አምጣቸው፣ ላሳይህ» አለች ለተብርሃን።

«አስረጂ ነው ያልኩሽ።»

«ማስረዳቱ እኮ እነሱ ናቸው።»

ጣላት። «ቃሉን አታውቅም» ብሎ። ዮናስ አንደኛ ወጣ። እኔ ተከራከርኩ፣ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ፤ «አቶ ተስፋልደት ኮርስ ወስደዋል» አሉኝ። ሌሎቹ መሪዎች በሙሉ ቢጫ ክር ሲያደርጉ ለተብርሃን ባዶ ትከሻዋን ይዛ ቀረች። ጓዷን ግን ከእጇ የሚወስድ ሰው ስላልተገኘ አልወሰዱባትም።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ።

ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ትልቅ ሰው መጥተው ሕፃናቱ ሜዳ ላይ ሲሠሩ ያያሉ ተባለ። ቦታው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ የምጽዋ መንገድ ቁልቁለቱን ሳይጀምር፣ ባሕር ዛፍ ያለበት ሜዳ ነበር። ሜዳው ለጥ ያለ፣ ማንም የማይወድቅበት። አቶ ተስፋልደት ቦታውን ከረገጠ በኋላ ሐሳቡን ለወጠ። ልጆቹን በሙሉ ወደ ጫፉ አዘለቃቸው፤ መሬቱ አልቆ ገደሉ ወደሚጀምርበት፣ ታች የባቡሩ ሐዲድ እንደ ክር ወደሚታይበት።

«እንግዳው ሲመጡ ለፎቶ ያምራል» አለ።

«ከሰዓት በኋላ ግመ ይመጣል» አልኩት። ግመ የምንለው ጉሙን ነው። በዚያ ወራት ከሰዓት ከባሕር በኩል ሽቅብ እንደሚወጣ አስመራ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱም ያውቀዋል።

«ፕሮግራሙ ከሰዓት ነው፣ ወይዘሪት። ጉም ፕሮግራም አይቀይርም።»

ጓዶቹን በጫፉ ርዝመት በታተናቸው፤ ዱካ ሊከተሉ ነው። የለተብርሃንን ጓድ፣ ክር የላትምና፣ ከእንግዳው ዓይን እንዲርቅ መጨረሻ ላይ አደረጋት። መጨረሻው የፍየል መንገድ የሚያልቅበት፣ ከበለስ ቁልቋል፣ ከቁጥቋጦና ከድንጋይ በቀር ምንም የሌለበት ነው። ስትሄድ ዞራ አየችኝ።

«መምህር፣ ከፎቶው ወጣን ማለት ነው?»

«ወጣችሁ።»

«ተመስገን» ብላ ሄደች።

እንግዳው ዘገዩ። ጉሙ ግን አልዘገየም። መጀመሪያ ሐዲዱ ጠፋ፣ ቀጥሎ ማዶ ያለው ተራራ፣ ከዚያ ዮናስና ልጆቹ፣ ከዚያ የራሴ ጫማ። ነጭ ሆነ፤ ሌላ ቃል የለኝም። አጠገቤ የቆመው አቶ ተስፋልደት ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማኛል።

«ፊሽካውን እንዳይነፉ» አልኩት። «እንዳሉ ይቆዩ። በስም እንጥራቸው።»

«መሰብሰብ አለባቸው! እንግዳው ቢደርሱስ!» አለና ነፋ። ሦስት ጊዜ።

እግር ሰማሁ። የብዙ ትንንሽ ጫማ ድምፅ፣ ጠጠር ላይ፣ ከየአቅጣጫው። ልክ እንደ ጠዋት ሰልፍ። «ቁሙ! ቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። እሱ ደግሞ የመጣለት ስላልነበረ እንደገና ነፋ፣ አሁንም ነፋ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የፊሽካው ድምፅ ማዶ ያለው ተራራ ላይ ይመታና ይመለሳል። ጉም ውስጥ ላለ ሕፃን ፊሽካው የሚነፋው ከገደሉ ማዶ ይመስለዋል። ልጆቹን ወደ ገደሉ እየጠራቸው ነበር።

ዘልዬ ያዝኩት። ገመዷን ስጎትታት ተበጠሰች፣ ፊሽካዋ እጄ ላይ ቀረች። «አበድሽ!» አለኝ።  ኪሴ ከተትኳትና መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እየጮኽኩ የጓዶቹን ስም ጠራሁ። «መሬት ንኩ! በእጃችሁ ዳስሱ! ድምፄን አትከተሉ፣ መልሱልኝ ብቻ!»

አንድ ባንድ መለሱ። አንዳንዱ ያለቅስ ነበር። ከዮናስ ጓድ ሕፃናቱ ተገኙ፤ ራሱ ዮናስ ግን እየመራቸው ሲሮጥ ከአንድ እርከን ወድቆ በለስ ላይ አርፏል። በለሱ ባይዘው ኖሮ ማን ያውቃል። እጁ ተሰብሮ፣ ሰውነቱ እሾህ በእሾህ ሆኖ፣ እታች ሆኖ «እናቴን» ይላል። ያመጣን አውቶቡስ ሹፌርና አቶ ተስፋልደት በገመድ አወጡት። ቋጠሮውን የቋጠረው ሹፌሩ ነው፣ ልብ በሉ።

ከመጨረሻው ጓድ ግን መልስ የለም።

«ለተብርሃን!» ጠራሁ። ዝም። «ሳባ!» ዝም።  በአራት እግሬ ሄድኩ። በእጄ ድንጋይ ስዳስስ፣ ድንጋዩ ሲያልቅ ስመለስ፣ የፍየሉን መንገድ በበጠጡ እያወቅኩ ሄድኩ። ቀሚሴ ተቀደደ። ከዚያ አንድ ነገር ሰማሁ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ድንጋይ ድንጋይ ሲመታ። ቆም ይላል፣ ደግሞ ይመታል።

ድምፁ ጋ ስደርስ የሕፃን ጫማ ነካሁ። ጫማው አልተንቀሳቀሰም።

«ማን ነው?» አልኩ።

«ሳባ» አለች። አፏ ውስጥ ዳቦ አለ።

«ለምን አትመልሱም ስጠራ?»

ከጉሙ ውስጥ የለተብርሃን ድምፅ መጣ፤ ደከም ያለ፣ ግን እንደ ሁልጊዜው። «ስትጠሪን ከታች ነበር የሚሰማን፣ መምህር። ከመለስን ትንንሾቹ ይነሣሉ ብዬ ዝም በሉ አልኳቸው። ድንጋዩን ነው የምንመታው።» ከዚያ፦ «አንቺም ኮፍ በይ። ፊሽካው ተነፍቷል እኮ።»

ቁጭ አልኩ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ቁጭ አልኩና አጠገቤ ያለውን ድንጋይ ያዝኩ። ሁሉም ተቀምጠዋል። አንዱ የቁጥቋጦ ሥር ይዟል፣ አንዱ የጓደኛውን ቀበቶ።

«ማንም አልሮጠም?»

«ሀብቶም ሊነሣ ነበር። ሳባ እግሩን ያዘችው፣ ‹ቦርሳዬን ትሸከማለህ› ብላ።»

«አልፈራሽም?»

«እወ፣ ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ ስለ አቶ ተስፋልደት አሰብኩ፣ ተናደድኩ፣ ተሻለኝ።»

ጉም ውስጥ ሳቅኩ። እዚያው ቆየን። ጉሙ እንደ አሮጌ ጨርቅ መሃሉ ተቀደደ። መጀመሪያ ያየሁት የሳባን ጫማ ነው። ከጫማዋ ቀጥሎ አንድ ክንድ የሚሆን ጠጠር ነበር። ከጠጠሩ ቀጥሎ ሐዲዱ ነበር፤ እታች፣ እንደ ክር።

ለተብርሃንም አየች።  ሳባን ብብቷ ሥር ይዛ ወደ ኋላ ጎተተቻት፣ ከዚያ ዞር አለችና አስመለሳት።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ ስለዚህ ጉዳይ የሚያወራውን ስሰማ ሌላ ቦታ የነበርኩ መሰለኝ። «በድንገት ጉም ቢነሣም በአቶ ተስፋልደት ቅልጥፍና ልጆቹ በፊሽካ ተሰብስበው…» ይላሉ ርእሰ መምህሩ። ዮናስ ሆስፒታል ነው። እሱ «ሲሮጥ ባለመጠንቀቁ» ነው ተባለ። ልጁ ታዞ ነው የሮጠው እኮ። እንደዚያ ሲባል ያልተናደደ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አላውቅም፤ መምህራኑ ግን ሻሂያቸውን ጠጡ።

ቅዳሜ ሳይመጡ የቀሩት እንግዳ በእረፍት ሰዓት መጡ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ባርኔጣ በእጃቸው የያዙ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። አቶ ተስፋልደት ያሰበው ግልጽ ነበር። ልጁ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተበትኖ ይጫወታል፤ ፊሽካ ይነፋል፤ በዓይን ቅጽበት ሰልፍ ይሆናል፤ እንግዳው ይደነቃሉ። አንገቱን ዳበሰ። የለችም። ወደ እኔ ዞረ።

«ወይዘሪት አስካሉ፣ ፊሽካዬን» አለ በቀስታ፣ ፈገግ እያለ፣ ለእንግዳው።

ከኪሴ አወጣኋት። እሱ እጁን ዘረጋ። ለተብርሃን አጠገባችን ቆማ ነበር። ለእሷ ሰጠኋት።

«የጓድ መሪዋ ትንፋ። ልጆቹን ያዳነቻቸው እሷ ናት» አልኩ።

እንግዳው «መልካም፣ ትንፋ» አሉ። አቶ ተስፋልደት የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ።

ለተብርሃን ፊሽካዋን በቀሚሷ ጠረገች፤ በደንብ ጠረገች። ሦስት ጊዜ ነፋች።

ግቢው ተነቀለ። አቧራ ተነሣ፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እየረገጡ ሮጡ፣ አንዱ ወደቀ፣ ሁለተኛው ዘለለው፣ ሰልፉ ተሠራ። አቶ ተስፋልደት ደረቱን ነፋ። አቧራው ሲወርድ ግን ሜዳው ባዶ አልነበረም። የለተብርሃን ትንንሾች እዚህም እዚያም መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሀብቶም የሰንደቅ ዓላማውን እንጨት አቅፏል። አንዷ የውሃውን ቧንቧ ይዛለች። ሳባ ፊሽካው ሲነፋ ከእንግዳው አጠገብ ስለነበረች፣ እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ የሱሪያቸውን እግር በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«ሳባ! ተነሺ! ምን ዓይነት ብልግና ነው!» አለ አቶ ተስፋልደት።

ሳባ አልተነሣችም። እንግዳው ጎንበስ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ጓደኞችሽ ሁሉ ሲሮጡ አንቺ ለምን ተቀመጥሽ?»

ሳባ ቀና ብላ አየቻቸው። እንዴት ይሄ ይጠየቃል በሚል ፊት።

«ጠፍተናል እኮ» አለች።

እንግዳው ቀና አሉ። ሰልፉን አዩ፣ አቶ ተስፋልደትን አዩ፣ ሳባን አዩ። ሱሪያቸውንም አላስለቀቁም። በመጨረሻ ርእሰ መምህሩን «ለዚህች መሪ ቢጫው ክር ለምን አልተሰጣትም?» ብለው ጠየቁ። ርእሰ መምህሩ ተጣደፉ፤ አሁኑኑ ይምጣ አሉ።

«ኣይፋል፣ ይቅር» አለች ለተብርሃን። «ፈተናውን ወድቄያለሁ። ቃሉን ገና አላጠናሁም።»

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎች፣ ፍትሕ ተገኘ ብላችሁ እንዳትደሰቱ። አቶ ተስፋልደት ዛሬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? እድገት አግኝቷል። የአሠልጣኞች አሠልጣኝ ሆኗል፤ ከየአውራጃው የሚመጡ መምህራንን ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሞ ያስጮሃል። ዮናስ እጁ ድኗል፤ እሾሁ ግን አልፎ አልፎ እስካሁን ይወጣል ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁን ከእኔ ጋር ፎርቶ ይወጣል። ዝም ማለት ግን አሁንም ይከብደዋል።

እኔን የለወጠኝ ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ገደሉ አይደለም። ሰልፉ ነው። ያን ሁሉ ልጅ፣ ከቀናት በፊት ጓደኛቸው የወደቀባትን ያችኑ ፊሽካ ሰምተው፣ እንደገና ሲሮጡ ማየቴ ነው። አላጠፉም፤ በደንብ ተምረው ነው። ሳይንስ ክፍል ሰጥተውኛል፤ ተማሪ «መምህር፣ በቃሌ አጥንቻለሁ» ሲለኝ «እንግዲያው ገና አልጀመርክም» እለዋለሁ። ወላጆች ይከሱኛል፤ ርእሰ መምህሩ ያስጠሩኛል፤ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። እናንተም ልጃችሁ ማታ ቆሞ ሲያነበንብላችሁ አታጨብጭቡ። «አሳየኝ» በሉት። ካላሳየ ማጨብጨባችሁን ኪሳችሁ ክተቱት።

ለተብርሃን መልሳልኝ ፊሽካዋ እኔ ጋ ናት። አቶ ተስፋልደት ይጠይቀኛል ብዬ ብዙ ጠበቅኩ። አልጠየቀኝም፤ ሌላ ገዝቷል።